ለአሮጌዋ ቮልስዋገን ፍሪሲዮን ሲመረጥ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል ይባላል፤ አንደኛው ታማኝ መካኒክ፥ ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። እኔ ግን ሦስተኛ ልጨምርበት እወዳለሁ፤ እርሱም መለኪያ ነው። ለክቶ የሚገዛ ሰው የገበያ ወሬ አያታልለውም፤ ሳይለካ የሚገዛ ግን አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገዛል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣችኝም በአዲስ አበባ ዳገቶች ላይ ዛሬም ድምፅዋን እያሰማች የምትወጣው፥ ሕዝቡ «ቮልስ» ብሎ የሚጠራት ቮልስዋገን ናት።

ስለዚህች መኪና ብዙ ማተት አያስፈልግም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻይቱ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጥታለች። በአገራችንም ለብዙ ዘመን የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆና ቈይታለች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የወጡባትም እርስዋ ናት። ዛሬ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፋ የምታገለግልባቸው ቤቶች አሉ። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችውን ጠግኖ መያዝ የበለጠ ትርጕም አግኝቷል።

እንግዲህ የእንደዚህች ያለች መኪና ካምቢዮ ቢሰበር ባለቤቷ ምን ያደርጋል? የራስዋን ዓይነት ፈልጎ ካጣ ከሌላ ዘመን ቮልስ የወጣ ካምቢዮ ገዝቶ ያስገጥማል። ነገሩ የሚቻል ነው። ችግሩ የሚመጣው ሞተሩንና ካምቢዮውን በሚያገናኘው በፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ሞተሩ የአንድ ዘመን፥ ካምቢዮው የሌላ ዘመን ሲሆን ፍሪሲዮኑ የየትኛው ይሁን?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መኪናዪቱ የ1966 ሞዴል 1300 ናት፤ ባትሪዋም 6 ቮልት ነው። የተገኘላት ካምቢዮ ግን ከ1971 ሞዴል ወዲህ ከተሠራች ባለ 12 ቮልት ቮልስ የወጣ ነው እንበል። የመለዋወጫ ዕቃ መጽሐፎች በኤውሮፓ አቆጣጠር ስለሚሄዱ ከእንግዲህ የምጠቅሳቸው የሞዴል ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። የካምቢዮው ማሰሪያና የኋላ አክስሎቹ ርዝመት ራሱን የቻለ ጕዳይ ስለ ሆነ እርሱን ለመካኒኩ ትተን ወደ ፍሪሲዮኑ እንለፍ።

የአምስት ዕቃዎች ማኅበር

ሞተር አንድ ጊዜ ከተነሣ ያለ ዕረፍት ይዞራል፤ ጎማ ግን በየመብራቱ መቆም አለበት። እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ፍሪሲዮን ነው። አንድ ቍራጭ ቆዳ በሁለት መዳፎችዎ መካከል ይያዙና አጥብቀው ይጫኑት፤ እጆችዎ ሲዞሩ ቆዳውም አብሮ ይዞራል። መዳፎችዎን ጥቂት ቢያላሉ ግን እጅዎ ይዞራል እንጂ ቆዳው ባለበት ይቀራል። የፍሪሲዮን ጥበብ ሁሉ ይኸው ነው።

በሞተሩ ጫፍ ላይ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የታሰረ ከባድ የብረት መንኰራኵር አለ፤ ፍላይዊል ይባላል። በእርሱ ላይ ፕሬሸር ፕሌት የሚባለው፥ በሞላ ኃይል የሚጫነው ሰሃን በስድስት ቡሎን ይታሰራል። በሁለቱ መካከል ሸራ የለበሰው ዲስክ ይገባል፤ የዲስኩም እምብርት በካምቢዮው ዘንግ ጥርሶች ላይ ይሰካል። ፔዳሉን ሲረግጡ ካቦው ሹካውን ይስባል፤ ሹካው ኩሽኔታውን ወደ ፕሬሸር ፕሌቱ እምብርት ይገፋል፤ ሰሃኑም ይለቅና ዲስኩ ነጻ ይወጣል።

ከዚህ እንደምንረዳው ፍሪሲዮን አንድ ዕቃ አይደለም፤ የፍላይዊል፥ የዲስክ፥ የፕሬሸር ፕሌት፥ የኩሽኔታና የሹካ ማኅበር ነው። ከአምስቱ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ካልተስማማ ሌሎቹ አዲስ መሆናቸው አይጠቅምም። ስለዚህ ወደ ሱቅ ገብቶ «የቮልስ ፍሪሲዮን ስጠኝ» ማለት ወደ ጫማ ቤት ገብቶ ቍጥሩን ሳይናገሩ ጫማ እንደ መጠየቅ ያለ ነው።

ምርጫው ከካምቢዮው ይጀምራል

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከሊብሬው ነው። «መኪናዬ የ66 ናት፤ የ66 ፍሪሲዮን ስጠኝ» ይላል። ነገር ግን ስድሳ ዓመት የኖረች መኪና በሊብሬዋ ላይ የተጻፈውን ሆና አትገኝም። ሞተርዋ ተለውጦ ይሆናል፤ ፍላይዊልዋ የሌላ ይሆናል፤ አሁን ደግሞ ካምቢዮዋ ሊለወጥ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ወረቀቱ ሳይሆን ብረቱ ነው፤ ጥያቄውም ከአዲሱ ካምቢዮ ይጀምራል።

ካምቢዮው ገና መሬት ላይ ሳለ ሞተሩ የሚገጥምበትን አፉን ይመልከቱ። ከመካከሉ የሚወጣው ዘንግ በአንድ የብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋልን? ቱቦ ካለው የ1971 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ የመጣው ዓይነት ነው፤ ኩሽኔታውም በዚያ ቱቦ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ቱቦ ከሌለው አሮጌው ዓይነት ነው፤ ኩሽኔታው በሹካው ሁለት ክንዶች ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይሠራል።

ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ፕሬሸር ፕሌቱን ይወስናል። ለአሮጌው ኩሽኔታ የተሠራው ፕሬሸር ፕሌት በእምብርቱ ላይ ለኩሽኔታው መግፊያ የሚሆን ቀለበት አለው። ለአዲሱ የተሠራው ግን ቀለበት የለውም፤ ኩሽኔታው የሚገፋው የሞላውን ጣቶች ራሳቸውን ነው። አሮጌ ኩሽኔታ ቀለበት ከሌለው ሰሃን ጋር፥ ወይም አዲስ ኩሽኔታ ቀለበት ካለው ሰሃን ጋር ቢገናኙ ለጊዜው የሚሠሩ ይመስላሉ፤ ውለው አድረው ግን እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። ሹካውም በሁለቱ ዘመን ስለሚለያይ ኩሽኔታና ሹካ ምን ጊዜም አብረው መወሰድ አለባቸው።

በሠፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ አባት የገጠማቸው ይኸው ነው። ለቮልሳቸው ባለ ቱቦ ካምቢዮ ገዙ፤ ዲስኩንም ፕሬሸር ፕሌቱንም አዲስ አደረጉ፤ ነገር ግን ፕሬሸር ፕሌቱ ባለ ቀለበት ነበር። ፔዳሉ ሲረገጥ መጀመሪያ ማንጫጨት፥ ቀጥሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥቂት ወራት እንደ ሄዱ ሞተሩ እንደ ገና ወርዶ ሲታይ ኩሽኔታው ተበልቶ፥ ቀለበቱም ከቦታው ወጥቶ ተገኘ። ከጡረታ ደመወዛቸው ቈጥበው ያወጡት ገንዘብ በከንቱ ቀረ። ሻጩም መካኒኩም ሌቦች አልነበሩም፤ የሰጡትም ዕቃ አዲስና ደኅና ነበር። የጐደለው የሁለት ደቂቃ ማስተዋል ብቻ ነው።

ጥርሱን ይቍጠሩ

ሁለተኛው ጥያቄ የፍላይዊሉ ነው። በዙሪያው ያሉት ጥርሶች ሞተሪኖው ነክሶ ሞተሩን የሚያስነሣባቸው ናቸው። የ6 ቮልቱ ፍላይዊል 109 ጥርስ፥ የ12 ቮልቱ ደግሞ 130 ጥርስ አለው። የጥርሶቹ ቅጥነት የተለያየ ስለ ሆነ ለአንዱ የተሠራ ሞተሪኖ ከሌላው ጋር ሊገጥም አይገባውም፤ ቢገጥም ጥርሱን ይበላዋል። አቈጣጠሩ ቀላል ነው፤ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርገው እስከሚመለሱበት ድረስ ይቍጠሩ። ተማሪዎቼ ይህን ሥራ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይፈጽሙታል።

የ12 ቮልቱ ፍላይዊል በስፋቱም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በአሮጌ የ6 ቮልት ካምቢዮ አፍ ውስጥ ሊያስገቡት ቢሞክሩ ግድግዳውን ይነካል፤ ቦታ ለመስጠትም ብረቱን መሞረድ ያስፈልጋል። በእኛ ምሳሌ ግን ካምቢዮው የ12 ቮልት ስለ ሆነ ሁለቱም ፍላይዊሎች ይገቡበታል። የሚለወጠው የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት፥ በካምቢዮው አካል ውስጥ ያለው ትንሽ ቦኮላ ነው። የ6 ቮልትና የ12 ቮልት ሞተሪኖ ዘንጎች ውፍረታቸው አንድ ስላይደለ ቦኮላው ከሚገጠመው ሞተሪኖ ጋር መስማማት አለበት። ይህ ቦኮላ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ቢረሳ ግን ሞተሪኖው ይንገዳገዳል ወይም ጭራሽ አይገባም።

እዚህ ላይ ባለ መኪናው ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ አለበት። የመጀመሪያው መንገድ መኪናዪቱን ወደ 12 ቮልት ማሻገር ነው። እንዲህ ከሆነ ለሞተሩ የሚስማማ ባለ 130 ጥርስ ፍላይዊል፥ 200 ሚሊ ሜትር ዲስክ፥ ቀለበት የሌለው 200 ፕሬሸር ፕሌት፥ የካምቢዮውን የራሱን ኩሽኔታና ሹካ፥ የ12 ቮልት ሞተሪኖም ይወስዳል። ነገር ግን ባትሪው፥ ዲናሞው፥ አምፖሎቹና ሌሎቹም የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አብረው መለወጥ አለባቸው።

ሁለተኛው መንገድ በ6 ቮልት መቈየት ነው። ያን ጊዜ አሮጌው ባለ 109 ጥርስ ፍላይዊልና 180 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ከሞተሩ ጋር እንዳሉ ይቀራሉ፤ በካምቢዮው ውስጥ የ6 ቮልት ቦኮላ ይገባል፤ ፕሬሸር ፕሌቱ ግን ቀለበት የሌለው 180 መሆን ይገባዋል። ይህ ከጠፋ ቱቦውን አንሥቶ የካምቢዮውን ሹካና ኩሽኔታ ወደ አሮጌው ዓይነት መመለስ ያስፈልጋል። ሁለቱም መንገዶች ደኅና ናቸው። መጥፎው መንገድ ግማሹን ከዚህ፥ ግማሹን ከዚያ መውሰድ ነው።

180 ወይስ 200?

«200ው ስለሚበልጥ እርሱን አግባልኝ» የሚል ሰው አይታጣም። 180ውና 200ው በፍላይዊሉ ላይ የሚታሰሩባቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ግን አንድ ስፍራ ላይ አይደሉም። 180 ለመያዝ የተበሳ ፍላይዊል 200 አይቀበልም፤ ስለዚህ ፍላይዊሉ ሳይለወጥ ዲስኩ ሊለወጥ አይችልም።

ልዩነታቸውስ ምን ያህል ነው? የአንዱ ጫፍ ከመካከሉ 90 ሚሊ ሜትር፥ የሌላው 100 ሚሊ ሜትር ይርቃል። በአንድ ዓይነት ጭነት ቢጫኑ ሰፊው በግምት አንድ ዘጠነኛ ያህል የበለጠ የመጠምዘዝ ኃይል ያስተላልፋል። በረጅም ቁልፍ ዳዶ መፍታት በአጭሩ ከመፍታት እንደሚቀል ማለት ነው። የ1300 ሞተር 40፥ የ1500 ደግሞ 44 የፈረስ ጕልበት እንዳላቸው ስናስታውስ ፋብሪካው 180ውን ለ1300፥ 200ውን ለ1500 መስጠቱ በሒሳብ እንደ ሆነ እናያለን።

አንዳንዶች ከዚህም አልፈው ለእሽቅድምድም የተሠራ ጠንካራ ሞላ ያለው ፕሬሸር ፕሌት ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ቈም ብሎ ማሰብ ያሻል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አየርዋ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ሲያንስ ኃይሉም በዚያው መጠን ያንሳል። እንግዲህ የከተማችን ቮልስ በሐምቡርግ ከምትሄደው እኅትዋ ይልቅ ለፍሪሲዮኑ የምታቀርበው ኃይል አነስተኛ ነው። የጠነከረ ሞላ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር የሾፌሩን እግር ማድከም፥ ካቦውን መበጠስና በተረገጠ ቍጥር ክራንክ ሻፍቱን አለመጠን መግፋት ነው።

በእኛ አገር ዲስክ የሚያልቀው ሞተሩ ስለ በረታ አይደለም። ዳገት ላይ ፍሬን በመያዝ ፈንታ መኪናዪቱን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ የሚያቆም ሾፌር ስለ በዛ ነው። ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ የእጅ ፍሬን እንጂ ጠንካራ ሞላ አይደለም።

ሞተሩ ሳይመለስ የሚታዩ ነገሮች

የቮልስ ሞተር በአራት ቦታ ብቻ የታሰረ ስለ ሆነ ማውረዱ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ሰውን ያዘናጋል። ሞተሩ ከወረደ ላይቀር የሚከተሉት ይታዩ።

መጀመሪያ ዲስኩን በካምቢዮው ዘንግ ላይ በእጅ ይሰኩት። ያለ ጕልበት መንሸራተት አለበት፤ ግን ወደ ጐን መወዛወዝ የለበትም። ሁለተኛ ከሞተሩም ከካምቢዮውም በኩል ያሉት ፓራኦሊዮዎች ይለወጡ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ከቶ አይድንምና። ሦስተኛ የፍላይዊሉ ፊት ይታይ፤ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ የሆነ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማሳየት ወይም መለወጥ ይገባል።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ፍላይዊሉን የሚይዘው አንድ ትልቅ ባለ 36 ዳዶ በውስጡ ጥቃቅን ሮለሮች ያሉት ኩሽኔታ አለው፤ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው በዚያ ነው። እርሱ ከደረቀ ፔዳሉ ተረግጦ እንኳ ዘንጉ መዞሩን አይተውም፤ ማርሹም ይጮኻል። ጥቂት ግራሶ ይበቃዋል። ዋናው የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ግን በቤንዚን አይታጠብ፤ በውስጡ የታሸገው ግራሶ ታጥቦ ይወጣል።

ትልቁ ዳዶ የሚጠብቀው በ30 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል ኃይል ነው። ይህ ማለት አንድ ሜትር በሚረዝም ብረት ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ያለ ነው፤ በተራ ቁልፍና በመዶሻ በግምት የሚሠራ አይደለም። ፍላይዊል የተለወጠ እንደ ሆነ ደግሞ የክራንክ ሻፍቱ የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ ይለካ፤ ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚስተካከለውም በሦስት ሮንዴላዎች ነው። የፕሬሸር ፕሌቱ ስድስት ቡሎኖች አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ሳይሆን በመስቀለኛ ተራ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ፤ አለዚያ ሰሃኑ ይጣመማል።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉን በእጅዎ ይጫኑት። ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሳይከብድ መውረድ አለበት። ይህ ክፍተት ከሌለ ኩሽኔታው ዕረፍት አጥቶ ይቃጠላል፤ ዲስኩም ይንሸራተታል። ክፍተቱ ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ መኪናዪቱም ማርሽ እንደ ገባ በእግረኛ ፊት ልትገፋ ትችላለች። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

ስለ ዱቄቱ አንድ ቃል

ፍሪሲዮኑ ሲፈታ በውስጡ ጥቍር ዱቄት ይገኛል። በየጋራዡ ያሉ ወጣቶች ይህን ዱቄት በአፋቸው ወይም በኮምፕሬሰር «እፍ» ሲሉት አይቻለሁ። የጥንቱ ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን አለበት፤ ከዓይን የተሰወረው ብናኙ ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ የሳንባ በሽታና ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ አይነፋ፤ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይጣል። መኪናዋን የሚሠራልዎ ልጅ ይህን ባያውቅ የመንገር ዕዳ የባለ መኪናው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወደ መርካቶ ሲወርዱ አሮጌውን ዲስክና ኩሽኔታ በከረጢት ይያዙ። በአንዲት ወረቀት ላይም አምስት ነገር ይጻፉ፤ ካምቢዮው ባለ ቱቦ ነው ወይስ አይደለም፤ የፍላይዊሉ ጥርስ ስንት ነው፤ ሸራው የሚያርፍበት ስፋት 180 ነው ወይስ 200፤ ሞተሪኖው የስንት ቮልት ነው፤ ሞተሩስ የትኛው ነው። ሻጩ «ይኸ ለሁሉም ይሆናል» ካለዎ በትሕትና አመስግነው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ። ለሁሉም የሚሆን ፍሪሲዮን የለምና።